ትርፏ ሪቬት

ኢኒድ ታክሬይ በግራ ጆሮዋ አትሰማም። ካርልበርን ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ምክንያቱም ሴትዮዋ መስማት የማትፈልገው ነገር ሲመጣ ፊቷን ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ ታዞርና ለተናጋሪው ያንን ግራ ጆሮዋን ትሰጠዋለች። የቄሱን ምክር፣ የጎረቤቷን የድመት ክስ፣ የጋዝ ቆጣሪ አንባቢውን ንጭንጭ ሁሉ የተቀበለችው በዚያ ጆሮ ነው። እንዴት እንደደነቆረ ግን ጠይቋት የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ሲያረጅ ይደነቁራል ብለው አለፉት። የሚያናድደው እንግዲህ ይሄ ነው። ኢኒድ ጆሮዋን ያጣችው በእርጅና ሳይሆን በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ በባቡር የከሰል ጋሪ ሆድ ውስጥ ቁጢጥ ብላ ነው።

ጊዜው በአገሩ አቆጣጠር 1943 ነበር። ወንዶቹ ዘምተዋል፤ የካርልበርን ባቡር ፋብሪካ ሥራ በላይ በላዩ ተከምሮበታል። ትናንት ሴት በበሩ እንዳታልፍ ሲሉ የነበሩ አለቆች ዛሬ ሴት ፍለጋ ከተማውን ማሰስ ያዙ። ኢኒድ ከሹራብ ፋብሪካ፣ ጓደኛዋ ሂልዳ ካውሊንግ ደግሞ ከዓሣ መጥበሻ ቤት መጥተው በአንድ ቀን ተቀጠሩ። ወንዶቹ በስም መዝገቡ ላይ በየሙያቸው ሲሰፍሩ ሴቶቹን በአንድ ርዕስ ሥር አጎሯቸው፤ "ትርፍ ሠራተኞች" የሚል። ስማቸውን እንኳ አልጻፉትም። ስንት እንደሆኑ ብቻ ነው የጻፉት።

ሥራቸው ሪቬት መምታት ነበር። ሪቬት ራሱ ድቡልቡል የሆነ አጭር ብረት ነው፤ እሳት ውስጥ ይግልና ሁለት ላሜራ በሚያገናኘው ቀዳዳ ይገባል። አንዱ ሰው ከውስጥ ሆኖ በከባድ ብረት ደግፎ ይይዘዋል፣ ሌላው ከውጭ እየመታ ጫፉን ይጠፈጥፈዋል። ሂልዳ ክንዷ ወፍራም፣ አፏም ከክንዷ የማያንስ ነበረችና ከውጭ መቺ ሆነች። ኢኒድ ቀጭን ስለነበረች ከውስጥ ገባች። በዚያ የብረት ሆድ ውስጥ ያለው ጩኸት አይነገርም። ጆሮዋን በጥጥ ትደፍናለች፤ ጥጡ ይወድቃል፤ መልሳ ትደፍናለች፤ እንዲህ እያለች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆየች።

ታዲያ አንድ ቀን "ንግሥት ማቲልዳ" መጣች። ያቺ ባቡር ከጦርነቱ በፊት ድልድይ ላይ ሰው ቆሞ ኮፍያውን እያወዛወዘ የሚያሳልፋት፣ ካርልበርን እንደ ልጁ የሚኮራባት ባቡር ነች። መብራት በሚጠፋበት በዚያ የጦርነት ጨለማ የከሰል ጋሪዋን ሌላ ባቡር ገጭቶባት ጎንና ጎኑ አዲስ ላሜራ ሊለብስ ነበር። ቀዳዳዎቹ የሚለኩት እኩል ያልተራራቁ ምልክቶች በተጫሩበት በአንድ አሮጌ ዘንግ ነው፤ አንዱ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ። ቀዩ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ባቡሩ ፊት ይሁን የሚል ደንብ አለ፤ ደንቡን ግን ለትርፎቹ የነገራቸው አልነበረም። በቀኝ ጎን ሲሠሩ ሂልዳ ቀዩን ጫፍ እንደ አጋጣሚ በቀኝ እጇ በኩል ያዘችውና ልክ ሆነ። ወደ ግራው ጎን ሲዞሩም እንደለመደችው በቀኝ እጇ በኩል ያዘችው። ከውጭ ሆኖ ላየው ሰው ደግሞ በዚያኛው ጎን የባቡሩ ፊት ያለው በግራ ነው።

ስህተቱን ያወቁት መሃለኛውን ረድፍ ጨርሰው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ነው። ክፍተቱ ባዶ እንዳይተዉት ሰፊ፣ በልኩ እንዳይሞሉት ጠባብ ሆኖ ተረፈ። ሁለቱ ተያዩ፤ ከዚያ አንዲት ተጨማሪ ሪቬት አጠጋግተው መቱበት። ስልሳ ሁለት መሆን የነበረበት ስልሳ ሦስት ሆነ። አለቃቸው ሽማግሌው ሎክዉድ ፒፓውን ነክሶ መጣና በጣቱ እየነካ ቆጠረ።

"ውኃ ታፈሳለች?" አለ፤ ጋሪው ከከሰሉ ሌላ የባቡሩን ውኃም ይይዛልና።

"ጠብ አይልም" አለች ሂልዳ።

"ትርፎቹ ትርፍ መቱ በሉኛ" አለና ሳቁን እየዋጠ ሄደ። ጦርነት ነው፤ ላሜራ የለም፤ አንዲት ሪቬት ብላ ጋሪ የምታፈርስ አገር አልነበረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሪቬቷ ስም "ትርፏ" ሆኖ ቀረ።

ጦርነቱ ባለቀ በአራተኛው ወር ለሴቶቹ ደብዳቤ መጣ። "ከዛሬ ጀምሮ ትርፍ በመሆናችሁ" ብሎ ነው የሚጀምረው። ምስጋናም ነበረው፤ አንድ መስመር። ሂልዳ ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችና ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተች። "እኛን ነቀሉን" አለች፤ "እስቲ ትርፏን ይንቀሏትና ልያቸው።"

እነሆ አልነቀሏትም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሴቶች እሑድ ከሰዓት ጥብስ ድንቻቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ድልድዩ ሥር ግራውን ጎን የሚያሳየው አጥር ላይ ይደገፉ ነበር። ባቡሯ እየተንጎደጎደች ታልፋለች። "አየሻት?" ትላለች ሂልዳ። "አለች" ትላለች ኢኒድ፤ ከዚያ ድንቻቸውን ይበላሉ። በ1963 ንግሥት ማቲልዳን ለብረት ሸጧትና በጋዝ እሳት ቆራርጠው አቀለጧት። ትርፏም አብራ ሄደች።

ሂልዳ የሞተችው ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ ነው። ቄሱ በቀብሯ ላይ "ዕድሜዋን በሙሉ በጓዳዋ ያሳለፈች ትሑት ሴት" አለላት። ይሄን ያለው በኢኒድ ቀኝ በኩል ቆሞ ስለነበር እንዳጋጣሚ ጥርት ብሎ ተሰማት። ትሑት! ሂልዳ! ሎክዉድን በፒፓው ጭስ ምክንያት ከፋብሪካው ሊያባርሩት እንደሚገባ ፊት ለፊት የነገረችውን ሴት! ኢኒድ በኀዘን ቤቱ ከቀረበው የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች በንዴት ሁለት አከታትላ በልታ ወደ ቤቷ ሄደች። በሳምንቱ በማታ ትምህርት ቤት ለብረት ሥራ ተመዘገበች። አስተማሪው የምግብ ዝግጅት ፎቅ ላይ ነው አላት። በግራ ጆሮዋ ሰማችውና ብረት መቅረጫው ቶርኖ አጠገብ ተቀመጠች።

ልትሠራ ያሰበችው ንግሥት ማቲልዳን ነበር፤ ከእውነተኛዋ አሥራ ሁለት እጅ ያነሰች፣ ግን አንድም ነገር ያልጎደላት። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባት። ቀን በትምህርት ቤቱ ኩሽና የልጆች ምሳ እያበሰለች፣ ሲመሽ ጓሮ ባለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ሞርሳ ላይ ጎብጣ ስትሞርድ ኖረች። ባሏ ስታን የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ማጠቢያ ቤቱን ያጸዳላትም የመጀመሪያዋን የብረት መብሻ ትራፓኖ የገዛላትም እሱ ነው። "እኔን አንድ ቀን እንኳ እንደዚህ በአጉሊ መነጽር አይተሽኝ አታውቂም" ይላት ነበር። መንኮራኩሮቹ በቶርኖ ተቀርጸው ሲያልቁ ለማየት ደረሰ፤ ቦይለሯ እንፋሎት ስታነሣ ግን በሕይወት አልነበረም።

ሥራው ሲያልቅ ርዝመቱ ከአንድ ረጅም ሰው በለጠ። የመዳብ ቦይለሯ እሳት ይነድባትና በገዛ እንፋሎቷ ትሄዳለች። የእሳት በሯ ይከፈታል፤ ክብሪት እንጨት የምታክል አካፋ በቦታዋ ተሰቅላለች። ከሁለት ሺህ በላይ ሪቬት አላት፤ ሁሉንም ከነሐስ ሽቦ እየቆረጠች ራሷ ነች የመታቻቸው። በግራው ጎን፣ በመሃለኛው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ ከጎረቤቷ ጋር ትንሽ የተጠጋጋች አንዲት ሪቬት አለች። ኢኒድ መጀመሪያ የመታችው እሷን ነው፤ ሌሎቹ ስልሳ ሁለቱ ከእሷ በኋላ ተሰለፉ።

በ1984 ጥቅምት ላይ የካርልበርን የሞዴል ሠሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ውድድሩን በጸሎት ቤቱ አዳራሽ አደረገ። የዚያ ዓመቱ ለየት ያለ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌውን ጣቢያ ሙዚየም ሊያደርገው ነው፤ አንደኛ የወጣው ሞዴል መሃል አዳራሹ ላይ በመስታወት ውስጥ ይቆማል፤ አጠገቡም ሠሪው የሞላው ካርድ ይለጠፋል። ከንግሥት ማቲልዳ በዓለም ላይ ብሎን እንኳ አልተረፈም። ስለዚህ ከእንግዲህ ሰው ንግሥት ማቲልዳን አየሁ ቢል የሚያየው በዚያ መስታወት ውስጥ ያለችውን ነው።

ዋናው ዳኛ ሜልቪን ክራግ ይባላል። በውኃ ጽሕፈት ቤት ፕላን ነዳፊ ነው፤ አጉሊ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ የፋብሪካውን የድሮ ንድፎች በሙሉ ሰብስቦ በቤቱ ያስቀመጠ ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ግን ወረቀት ካልነገረው ዝናብም እየዘነበበት አያምንም። ኢኒድ የምታውቀው ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ነው፤ ኩሽናው ደጃፍ ባዶ ሳህኑን ይዞ ተጨማሪ ጣፋጭ ፑዲንግ የሚለምናት ልጅ ነበር። ከማኅበሩ አባላት ግማሾቹ በእሷ ምሳ ያደጉ ናቸው።

ሜልቪን ሞዴሏን አንድ ሰዓት ሙሉ ዞራት። ፊቱ እየበራ ሄደ። ወደ ግራው ጎን ሲደርስ ቆመ፤ ቆጠረ፤ ፕላኑን ዘረጋ፤ ደግሞ ቆጠረ።

"ሚስስ ታክሬይ፣ መሃለኛው ረድፍ ስልሳ ሦስት ሆኗል። ፕላኑ ስልሳ ሁለት ነው የሚለው።"

"አውቃለሁ።"

"አንድ ትርፍ አለ ማለት ነው።"

"አዎ፣ ስሟም እሱ ነው።"

ሜልቪን ቀልድ መሰለው። በትሕትና አስረዳት፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው አላት፤ በሞረድ ደምስሶ ቀለም ማስነካት ብቻ፤ ከዚያ ውድድሩ አለቀ፣ ዋንጫው የእሷ ነው፣ ሰኞ ሙዚየም ትገባለች። ከልቡ ነበር የሚናገረው። እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቱ አላየም፤ ተበላሽቶ እንዲቀርም አልፈለገም።

ኢኒድ አልነካትም አለችው። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ዘንጉን፣ ቀዩን ጫፍ፣ ሂልዳን፣ ሎክዉድን። ለአርባ ዓመት የጠየቃት ስላልነበረ ታሪኩ ትንሽ ረዘመ። ሜልቪን እስከ መጨረሻው አዳመጣትና ቦርሳውን ከፈተ። የዚያን ጋሪ የሥራ መዝገብ ገልብጦ ይዞታል። አምስት ስም አለበት፤ አምስቱም ወንዶች ናቸው። ፎቶግራፎቹንም አመጣ፤ ያኔ ባቡር ፎቶ የሚነሣው ከቀኝ ጎን ስለነበር ሁሉም የቀኝ ናቸው።

"የእርስዎ ስም የለም። የሂልዳ ካውሊንግም የለም" አላት። "ምናልባት ሌላ ጋሪ ይሆናላ፤ ረጅም ጊዜ ነው፣ ሰው ይረሳል።"

"ታዲያ ይሄን ጆሮ ማን አደነቆረው? ወረቀቱ?"

ሜልቪን ወደ ደንቡ ሸሸ። ከፕላኑ የወጣ ነገር ሁሉ ካርዱ ላይ "የሠሪው ስህተት" በሚለው ቦታ መጻፍ አለበት። እንግዲያው የቆጠራ ስህተት ብለው ይጻፉ፣ እኔም ነጥብ ቀንሼ አሳልፍልዎታለሁ አላት። ትልቅ ውለታ የዋለላት መስሎት ነበር። ኢኒድ እስክሪብቶውን ተቀበለችውና ጻፈች፤ "በግራ ጎን መሃለኛው ረድፍ 63። ስህተቱ የሂልዳ ካውሊንግና የኢኒድ ታክሬይ ነው። 1943።"

አነበበው። ያለ ማስረጃ ይህን የመሰለ ነገር ሙዚየም ላይ ሊለጥፍ እንደማይችል ነገራትና ካርዱን ኮት ኪሱ ከቶ ባዶ ካርድ ሰጣት። ይህን ነገር እሷ መቼም አትረሳለትም። ባዶውን ካርድ ሳትነካው እጇን አጣጥፋ ቆመች።

በዚህ መሃል ከትበርት ሬይን ሻዩን ይዞ ደረሰ። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በፋብሪካው በባቡሮች ጎን ላይ ፊደልና ቁጥር የሚጽፍ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ወደ ውድድሩ የሚመጣው ባቡር ለማየት ሳይሆን ሴቶቹ ለሚያቀርቡት የዝንጅብል ኬክ ነው። ሰዎቹ በምን እንደሚከራከሩ አያውቅም። እግረ መንገዱን ወደ ጋሪው ጎንበስ አለና ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ።

"ይቺን እርጉም ማን መለሳት?" አለ።

"የትኛዋን?" አለ ሜልቪን።

"ይቺን ነዋ፣ ተጠጋግታ ያለችውን። የመጀመሪያው ፊደል እግር ልክ እሷ ላይ ነበር የሚያርፈው። ብሩሼ እየዘለለ ሦስት ጊዜ ጠረግኩት። መጨረሻ ላይ ፊደሉን በሁለት ጣት ገፋ አደረግኩት። አንቺ ግን አልገፋሽውም፤" ወደ ኢኒድ ዞረ፤ "ሪቬቷ ልክ ነች፣ ፊደልሽ ነው ያለ ቦታው የተቀመጠው።"

ኢኒድ ጎንበስ ብላ አየች። እውነቱን ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአጥሩ ሥር ስታይ የኖረችው ሪቬቷን እንጂ ፊደሉን አልነበረም፤ ሞዴሉ ላይ ከፕላኑ ገልብጣ ነው የጻፈችው። "ይሄ የኔ ጥፋት ነው፣ ሚስተር ሬይን" አለች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ሜልቪን ግን ደስታው ወሰን አጣ። ወንበር ስቦ ሽማግሌውን አስቀመጠ፣ ሻይ አስሞላለት፣ ያለውን ቃል በቃል ጻፈ፣ አስፈረመው። ከዚያ በዚያ በሚያምር የፕላን ነዳፊ እጁ አዲስ ካርድ አዘጋጅቶ ለኢኒድ አቀረበላት። "በቀድሞው የፋብሪካው ቀለም ቀቢ በሚስተር ከትበርት ሬይን ምስክርነት መሠረት፣ በግራ ጎን አንድ ትርፍ ሪቬት እንደነበረ ተረጋግጧል" ይላል። እንኳን ደስ ያለዎት አላት።

ኢኒድ አነበበችው። ሁለተኛም አነበበችው። የሂልዳን ስም ፈለገች፤ የራሷንም ፈለገች። ያን ጊዜ የተሰማት ንዴት በቀብሩ ቀን ከተሰማት የባሰ ነበር።

"ስማ ሜልቪን። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ስነግርህ ወረቀት አምጪ አልከኝ። እሳቸው ሻይ ይዘው ሲያልፉ አንዴ ሳቁና አመንካቸው።"

"እኮ ተረጋገጠ፣ ሚስስ ታክሬይ! የእርስዎ ቃል እውነት ሆነ።"

"ድሮም እውነት ነበር። እኔ ምስክር የሚቆምልኝ ተከሳሽ አይደለሁም። ሠሪዋ ነኝ። ሂልዳ መታች፣ እኔ ያዝኩ። ኪስህ ያለውን ካርድ አውጣ፤ አለዚያ ንግሥቲቱ ማጠቢያ ቤቴ ትመለሳለች።"

ሜልቪን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሙዚየሙ፣ ስለ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የተፈረመ ነገር ከቃል ይልቅ እንዴት ክብደት እንዳለው ያስረዳት ጀመር። ኢኒድ ፊቷን ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ አዞረች። እሱ ለግራ ጆሮዋ ሲናገር እሷ በሻይ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን ወንዶች ተመለከተች። "አንሱልኝ፣ ልጆች" አለች።

በእሷ ምሳ ያደጉ የፋብሪካው ሠራተኞች ልጆች ናቸው፤ አሁን ሽበት የወረራቸው። አንዱ ሲኒውን አስቀመጠ። ሌላውም አስቀመጠ። አራት ሆነው መጡና በሁለቱ ጫፍ ቆመው ባቡሯ የተጫነችበትን ሳንቃ መያዣ እንጨት ጨበጡ። ሜልቪንን የተመለከተው አልነበረም። ከትበርት ሬይንም ኬኩን እያላመጠ ተነሣና፣ ዕድሜው እንደማይፈቅድ እያወቀ፣ እጁን እንጨቱ ላይ አሳረፈ። "ፊርማዬን ቅደደው" አለው ለሜልቪን። "እኔ የረገምኳት ነኝ እንጂ የመታኋት አይደለሁም።"

ሜልቪን ክራግ አራቱን ሰዎች፣ ሽማግሌውን፣ ከዚያ ባቡሯን አየ። ሊያጣት ነው። እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ አስገባና የታጠፈውን ካርድ አወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ ደህና አድርጎ ዘረጋው።

ኢኒድ እስክሪብቶ ጠየቀች። ከጻፈችው ሥር ሌላ መስመር ጨመረች፤ "የመጀመሪያው ፊደል ያለ ቦታው ነው። ስህተቱ የኢኒድ ታክሬይ ብቻ ነው። 1984።" ከዚያ ካርዱን መለሰችለት።

"አሁን አንብበው" አለችው። "ጮክ ብለህ።"

ሜልቪን ማንበብ ጀመረ። "በግራ ጎን መሃለኛው ረድፍ 63። ስህተቱ የሂልዳ ካውሊንግና የኢኒድ ታክሬይ ነው።"

"አልሰማሁም" አለች ኢኒድ። "የመጀመሪያውን ስም ድገመው።"

ሜልቪን የቆመው በቀኟ በኩል ነበር። ግን ደገመው።